አልጀብራ፣ ሚዛንና የእኅቴ ሐቅ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

የዛሬው ወጌ ስለ ሒሳብ ትምህርት ነው። «ሒሳብን ከተሰናበትኩ ስንት ዘመኔ!» ብለው ገጹን ለመግለጥ ከተጣደፉ እባክዎ ጥቂት ይታገሡኝ። እኔ ራሴ፣ እንጀራዬ ሒሳብ ማስተማር የሆነው ሰው፣ ሒሳብ የጥቁር ሰሌዳና የጠመኔ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ «የኔን ነገር ምን አደረግኸው?» እስኪለኝ ድረስ ማለቴ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ማስተማር የጀመርኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። ደብረ ታቦርን የሚያውቅ ሰው ብርዷን ያውቃል። በኅዳር ጠዋት ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጠመኔ የያዘ እጅ ያደነዝዛል። ልጆቹ ከፋርጣ ገጠር ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ አንዳንዶቹ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግራቸው ተጉዘው ይመጣሉ። ይህን ያህል ደክሞ ለመጣ ልጅ ታዲያ እኔ ምን አቀርብለት ነበር? «ኤክስ ሲደመር ሦስት እኩል ይሆናል ሰባት» እለዋለሁ።

እስከዚያ ድረስ ልጁ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ደምሮ ቀንሶ፣ አባዝቶ አካፍሎ የመጣ ልጅ ነው። በግ ቆጥሯል፣ ገበያ ወርዶ መልስ ተቀብሏል። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ድንገት በቁጥሮቹ መሐል ፊደል ተሰንቅሮ ያያል። ያውም ኤክስ! ውድ አንባቢ፣ እስቲ የተማሪነት ዘመንዎን ያስታውሱ። ኤክስ ማለት ሲሳሳቱ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ደብተርዎ ላይ የሚያሰምርብዎ ምልክት አልነበረምን? ያንኑ የጥፋት ምልክት አምጥተን «ይህን ፈልግ» ስንለው ልጁ ግራ ቢጋባ ምን ይፈረድበታል? አንዱ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ኤክስ ስንት እንደሆነ እርስዎ ካወቁ ለምን አይነግሩንም?» ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ተቆጣሁ። መልስ ስላልነበረኝ ነው የተቆጣሁት።

ስሕተቶቻቸው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። 2ኤክስ እና 3 ሲደመር 5ኤክስ ነው ይላሉ። ቅንፍ ሲያዩ የውጪውን ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር ብቻ ያባዙና ሁለተኛውን ይረሱታል። እኛ መምህራን ደግሞ «ቁጥር የእኩል ይሆናልን ምልክት ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የምትል መድኃኒት አለችን። ለምን ይቀየራል? ድልድዩ ላይ ማን ቆሞ ነው የሚቀይረው? ይህን አንነግራቸውም፤ አብዛኞቻችንም ራሳችንን ጠይቀን አናውቅም። ልጁ የደብተራ አስማት እንደተሰጠው ሰው ቃሏን ይደግማታል። አንዳንዴ ትሠራለች፤ አንዳንዴ አትሠራም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቅ ላይ አምስት ጥያቄ ያለው ፈተና ሰጠሁ። አንደኛው «የአንድ ቁጥር እጥፍ ላይ 5 ቢቀነስ 19 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል ነበር። አንዲት ሴት ተማሪ አምስቱንም መልስ በትክክል ጽፋ፣ ነገር ግን አንድም መስመር ስሌት ሳታሳይ ወረቀቱን መለሰች። ለዚህኛው «12» ብቻ ነው ያለችው። ኮርጃለች አልኩ። ዜሮ ሰጠኋት፤ ይህም አልበቃ ብሎኝ ወረቀቷን በተማሪዎች ፊት ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

«አልኮረጅኩም ቲቸር» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ታዲያ 12ን ከየት አመጣሽው?»

«አምስት ስለተወሰደበት ነው 19 የሆነው። የጎደለውን መለስኩለትና 24 ሆነ። እጥፍ ስለነበር ደግሞ ግማሹን ወሰድኩ።»

ልጅቷ እናቷ ቅመም ነጋዴ ናት፤ በገበያ ቀን አብራት ትሸጣለች። ሒሳቡን የሠራችው በዚያ ጭንቅላት ነው። እኔ ግን «መንገዱ ካልተጻፈ መልሱ አይታሰብም» ብዬ ዜሮውን አጸናሁ። ደንቡ ደንብ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። «የጎደለውን መለስኩለት» ያለችው ቃል ግን፣ አላህ ይመስገን፣ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ስለ ሒሳብ ታሪክ የተጻፈ መጽሐፍ እጄ ገባ። «አልጀብራ» የሚለው ስም ዐረብኛ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል፤ በየመድረኩም እንኮራበታለን። ምን ማለት እንደሆነ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? እኔ የሒሳብ መምህር ሆኜ አልጠየቅሁም ነበር።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባግዳድ ይኖር የነበረ ሊቅ ነው። አል-መእሙን የገዛው እ.ኤ.አ. ከ813 እስከ 833 ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው በ820 ገደማ ሲሆን ስሙም «አል-ኪታብ አል-ሙኽተሶር ፊ ሒሳብ አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ» ይባላል። ከስሙ ውስጥ «አል-ጀብር» የምትለዋ ቃል ብቻ ተነጥላ ባሕር ተሻግራ የዓለም ሁሉ ቃል ሆነች። እንግሊዛዊው ሮበርት፣ የቼስተሩ ማለት ነው፣ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1145 በእስፔን ከተማ በሴጎቪያ ወደ ላቲን መለሰው። የሊቁ የገዛ ስምም በላቲኖች አፍ ተጠማዝዞ ዛሬ ኮምፒዩተር የነካ ሁሉ የሚያውቀው «አልጎሪዝም» ሆኗል።

«ጀብር» ማለት ግን ምንድን ነው? የተሰበረን መጠገን፣ የጎደለን መሙላት ማለት ነው! አጥንት ሲሰበር ወጌሻ የሚሠራው ሥራ በዐረብኛ ጀብር ነው። እስፔኖችም ሙስሊሞች ከአገሩ ከተባረሩ በኋላ እንኳ ወጌሻን «አልጀብሪስታ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ለሙስሊም አንባቢ ደግሞ ቃሉ ከዚህም የቀረበ ነው። ከአላህ መልካም ስሞች አንዱ «አል-ጀባር» ነው፤ ዑለማዎቻችን ከሚሰጡት ትርጉሞች መካከል የተሰበረውን ጠጋኝ የሚል ይገኝበታል። በሁለቱ ሱጁዶች መሐል ተቀምጠን ከምንለምናቸው ነገሮች አንዷ ከዚሁ ሥር የወጣች፣ «ጠግነኝ» የምትል ቃል ናት። በቀን ስንት ጊዜ እንደምንላት ይቁጠሯት።

በሒሳቡ ውስጥ ሥራው ይህ ነው። አምስት እንትን ከእነርሱ 6 ጎድሎባቸው 14 ሆነዋል እንበል። የጎደለውን 6 ለዚህኛው ወገን እንመልስለታለን፤ ሚዛኑ እንዳይዛባ ለዚያኛውም 6 እንጨምራለን። አምስቱ እንትን 20 ሆኑ፤ አንዱ 4 ነው። ጀብር ይህ ነው። «ሙቃበላ» ደግሞ ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት አቁሞ በሁለቱም ቤት ያለውን እኩል እያነሡ ማቀናነስ ነው። በአንድ ወገን አምስት እንትን፣ በሌላው ሁለት እንትንና 12 ካሉ፣ ከሁለቱም ሁለት ሁለት እንትን እናነሣለን፤ ሦስት እንትን 12 ይሆናል፤ አንዱ ያው 4 ነው። የሚሻገር ነገር የለም። ምልክት የሚቀይር ድልድይም የለም።

ያቺ የቅመም ነጋዴ ልጅ ያለችኝ ቃል በቃል ይህንኑ አልነበረምን? «የጎደለውን መለስኩለት» አለችኝ። ከአሥራ አንድ መቶ ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ሳታውቀው፣ ከምንጩ ቀድታ መጣች፤ እኔ ዜሮ ሰጠኋት።

«እንትን» ማለቴን ልብ ብለውት ይሆናል። አል-ኸዋሪዝሚ ኤክስ አያውቅም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ምልክት የለም፤ ሁሉም በቃል የተጻፈ ነው። ያልታወቀውን ቁጥር «ሸይእ» ይለዋል፤ ነገር ማለት ነው። በኋላ ጣልያኖች ይህንኑ ተርጉመው «ኮዛ» አሉት፤ እሱም ነገር ነው። ኤክስን ለዚህ ሥራ ያዋለው ፈረንሳዊው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ መጽሐፉ ነው። ኤክስ ራሱ «ሸይእ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚል ወሬ በኛ ሰዎች ዘንድ ይወደዳል። ማስረጃ ስላላየሁለት አልደግመውም። እስልምና በወሬ መጌጥ አያስፈልገውም።

የኛ አማርኛስ? አማርኛ ያላትን ሀብት አታውቅም እንጂ፣ ስሙ ለጊዜው ላልተገኘ ነገር ሁሉ የተዘጋጀ ቃል አላት። «እስቲ እንትኑን አቀብለኝ» የማይል አባወራ፣ «እንትና መጥቶ ነበር» የማትል እናት የት አለች? እንትን ማለት አለ፣ ነገር ግን ገና ስሙን አልጠራነውም ማለት ነው። ኤክስም ሌላ ትርጉም የለውም።

እንግዲህ በሁለተኛው መንፈቅ አንድ ማለዳ ከጎረቤቴ ሱቅ ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ተውሼ፣ ድንች የሞላባቸው አፋቸው የተሰፋ ሁለት እኩል ከረጢቶች አሸክሜ ክፍል ገባሁ። በአንዱ ሳሕን ሁለቱን ከረጢቶችና የ3 ኪሎ ብረት፣ በሌላው የ11 ኪሎ ብረት አስቀመጥኩ። ሚዛኑ ቀጥ አለ። «ከረጢቱ ውስጥ ያለው እንትን ስንት ኪሎ ነው? መፍታት ክልክል ነው» አልኳቸው። ሰባ ልጅ በአንድ ጊዜ ተነሣ።

አንዱ ቀልጠፍ ያለ ልጅ ሮጦ መጥቶ የ3 ኪሎውን ብረት ከከረጢቶቹ አጠገብ አነሣው። ሌላው ሳሕን ዘጭ ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጁ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ማንም ሳይነግረው «ከዚያኛውም ሦስት ይነሣ!» ብሎ ጮኸ። አነሡ። ሚዛኑ ተመለሰ። ሁለት ከረጢት በ8 ኪሎ ቆሙ። «ግማሽ! ግማሽ!» አሉ ከኋላ ወንበር።

ያን ጊዜ ጠመኔ አነሣሁና የሠሩትን ብቻ ጻፍኩላቸው፤ በኤክስ ፋንታ «ነገር» ከሚለው የመጀመሪያዋን ፊደል ወስጄ፦ 2ነ + 3 = 11፤ 2ነ = 8፤ ነ = 4። ፈተና ላይ ኤክስ እንደሚመጣባቸውም ነገርኳቸው፤ ስሙ ቢለያይ ከረጢቱ ያው ነው። 2ነ እና 3 ተደምሮ 5ነ ነው ያለኝን ልጅ «ብረቱን ማን ከረጢት አደረገው?» አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ስሕተት ሲመጣ እኔ መናገር አላስፈለገኝም፤ «ብረቱን ማን ከረጢት አደረገው!» ብለው እርስ በርስ ይተራረሙ ነበር። ቅንፉንም በዚሁ ፈታነው። ለሁለት ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንድ ከረጢትና 3 ብር ከሰጠህ፣ ሁለተኛው ልጅ ብሩን ቢከለከል ዝም ይላልን?

ዜሮ የሰጠኋትን ልጅ በዚያው ቀን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ሮስተር ላይ ሰፍሮ ስላለፈ ማስተካከል አልቻልኩም። «ምንም አይደል ቲቸር» አለች። ሴቶቻችን «ምንም አይደል» ማለት ከልጅነታቸው ይማራሉ። ይህን ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው።

የዚያን ክረምት፣ በሐምሌ 1997 ዓ.ም.፣ የመስጊዳችን ሽማግሌዎች ለሙስሊም ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት እንድሰጥ ጠየቁኝ። ከዐስር ሰላት በፊት በመድረሳው ቆርቆሮ ሥር እንሰበሰባለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፄ አይሰማም፤ እስኪያባራ በጽሑፍ እናወራለን። እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስላልሆነ ስለ አል-ኸዋሪዝሚ በነፃነት አወጋኋቸው። ሊቁ አልጀብራን የጻፈው ሊፈላሰፍበት ብቻ አልነበረም። ሰዎች በውርስና በኑዛዜ፣ በክፍፍልና በክርክር፣ በንግድና በመሬት ልኬት የሚቸገሩበትን ለማቅለል ነው። ከመጽሐፉ ግማሽ የሚያህለው ስለ ኑዛዜና ስለ ሚራስ ነው። አውሮፓውያን ሲተረጉሙት ያንን ክፍል ትተውት ነበር፤ የሚያስፈልጋቸው አልመሰላቸውም። ለኛ ግን የመጽሐፉ ልብ እሱ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ን-ኒሳእ የወራሾችን ድርሻ ራሱ ደልድሎታል፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሲሶ፣ ስድስተኛ እያለ። በክፍልፋይ የወረደን ትእዛዝ ያለ ሒሳብ እንዴት ይፈጽሙታል?

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይህን ጻፍኩ፦ አንድ ሰው ሞተ፤ 27,500 ብር የሚያወጣ ንብረት ትቷል፤ 3,500 ብር ዕዳ አለበት። ሚስት፣ 2 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች አሉት። ለሴት ልጅ ስንት ይደርሳል?

ዕዳ ይቀድማል፤ 24,000 ቀረ። ሚስት ልጆች ስላሉት ስምንተኛ አላት፤ 3,000 ብር። የቀረው 21,000 የልጆቹ ነው። የሴቷን ድርሻ ነ እንበለው፤ የወንዱ 2ነ ይሆናል። ሦስቱ ሴቶች 3ነ፣ ሁለቱ ወንዶች 4ነ፣ በድምሩ 7ነ። 7ነ = 21,000፤ ነ = 3,000። አንድ ወንድ ልጅ «ለወንድ ለምን እጥፍ ሆነ?» አለ። ወንድ ቤተሰብን የመቀለብ ግዴታ ተጥሎበታል፤ የሴት ገንዘብ ግን፣ መህሯም ቢሆን፣ የራሷ ብቻ ነው፤ ማንም አያስወጣትም አልኩት። መልሱ ትክክል ነው። እንዴት ቀለል አድርጌ እንደተናገርኩት ግን አሁን ሲያስታውሱኝ አፍራለሁ።

ልጆቹ ሲበተኑ ያቺ ልጅ ደብተሯን እንዳቀፈች ቀረች።

«ቲቸር፣ ልጅቷ ተሰጣት?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ሦስት ሺህ የደረሳት። ተሰጣት ወይስ ሰሌዳው ላይ ብቻ ነው? እናቴ አባቷ ሲሞት ድርሻ ነበራት፤ ሽማግሌዎቹ ለወንድሞችሽ ተይላቸው ሲሏት ትቻለሁ አለች። አጎቶቼ ሰላት አያልፋቸውም። ሒሳቡን ስለማያውቁ ነው እንዴ?»

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ዝናብ እየመጣ ነው፣ ቶሎ ቤትሽ ግቢ ያልኳት ይመስለኛል።

ውድ አንባቢ፣ እኔ ሒሳቡን አውቅ ነበር።

አባቴ ሸማኔና ትንሽ ሱቅ የነበረው ሰው ሲሆን በ1984 ዓ.ም. ሞተ። ለእናቴ የተወለድነው እኔና ታላቅ እኅቴ ብቻ ነን። እኅቴ ያኔ ወረታ አግብታ ነበር። በጀርባዋ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ የሠፈሩ መምህር ዘንድ እጄን ይዛ የወሰደችኝም እሷ። ለቅሶው ሲያበቃ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እናታችን ስምንተኛዋን ተቀበለች። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ወደ እኅቴ ዞሮ «አንቺ እንኳ ባለ ትዳር ነሽ፤ አልሐምዱሊላህ አልጎደለብሽም። ወንድምሽ ኮሌጅ ሊገባ ነው። ትተዪለታለሽ አይደል?» አላት። ሁሉም ሰው ያያታል። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «ትቻለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቋት። እኔም «አሚን» አልኩ። በዚያ ገንዘብ ተማርኩ። የመምህርነት ወረቀቴ የተገዛው በዚያ ነው ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

ያን ምሽት ከዒሻእ በኋላ፣ ቤተሰቡ ሲተኛ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሠራሁትን የቤት ሥራ ሠራሁ። ለገጠር ዘመድ የተሰጡ ሁለት በሬዎች፣ 1,800 ብር። በቅሎ፣ 1,500። የሽመና ዕቃና የተሠራ ሸማ፣ 700። የሱቁ ዕቃና ጥሬ ገንዘብ፣ 6,400። ድምር 10,400። ዕዳው 800 ነበር፤ 9,600 ቀረ። የእናቴ ስምንተኛ 1,200። የቀረው 8,400። ለእኅቴ ነ፣ ለእኔ 2ነ። 3ነ = 8,400።

ነ = 2,800።

ሦስት መስመር ናት። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም።

በማግሥቱ የመስጊዳችንን ሸይኽ አማከርኩ። «ትቻለሁ ብላለችኮ» አልኳቸው፤ የመጨረሻዋን ቀዳዳ እየፈለግሁ። ሸይኹ ወደ መሬት እያዩ «ማን ፊት ነው ያለችው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በሐፍረት ተይዛ የሰጠችው ነገር በጉልበት እንደተወሰደ ይቆጠራል፣ የሙስሊም ገንዘብ ከልቡ ፈቃድ ውጪ ሐላል አይሆንም አሉኝ። አላህ የውርስን ድርሻ ከደለደለ በኋላ ይህ የእርሱ ወሰን መሆኑን፣ ወሰኑን የሚያልፍ ምን እንደሚጠብቀው በዚያው ሱራ እንደተናገረ አስታወሱኝ። ያን አንቀጽ ስንት ጊዜ ቀርቼዋለሁ! «ቁጥሩን ውሰድላት፤ በከብቱና በዘመኑ ለውጥ ምክንያት ለሚመጣው ደግሞ ከሷ ጋር ሱልሕ አድርግ፤ የምትወስነው እሷ ናት» ብለው አሰናበቱኝ።

2,800 ብር ለእኔ ያኔ ከሦስት ወር ደሞዝ በላይ ነበር። ባለቤቴ ጉዳዩን ስትሰማ ጥቂት ዝም አለችና «የኔም ወንድም እንዲህ ይሰማው ይሆን?» አለች። ሌላ አልተናገረችም። እስከ ታኅሣሥ ድረስ አጠራቅመን ሞላልን።

ከደብረ ታቦር ወረታ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። ቻይናዎች የሠሩት ከወረታ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ በዓለም በር አድርጎ ከደጋው ወደ ፎገራ ሜዳ ያወርዳል። ሲወርዱ ጋቢ ይወልቃል። ሩዝ የሚወቃበት ወቅት ነበር። እኅቴን ያገኘኋት ከግቢዋ፣ በሸራ ላይ የተዘረጋ ሩዝ እየገለበጠች ነው። ገና ስታየኝ ሰው የሞተ መስሏት ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ።

«ሁሉም ደኅና ነው እታለም። ዕዳ ልከፍል ነው የመጣሁት» አልኳት።

ተቀመጥን። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ፤ ወረቀቱን አውጥቼ ማስረዳት ጀመርኩ። የአባባ ንብረት ይህን ያህል፣ ዕዳው ይህን ያህል፣ የእማማ ስምንተኛ፣ ከዚያ የአንቺ ድርሻ «ነ» ቢባል… እኅቴ መጻፍና ማንበብ አልተማረችም። ወረቀቱን አላየችውም፤ እኔን ነበር የምታየው።

«ስንት መጣልህ?» አለችኝ።

«ሁለት ሺህ ስምንት መቶ።»

ሩዙን በእጇ እየበተነች ትንሽ ዝም አለች።

«እኔ በልቤ ስሠራው ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ምናምን ነበር የሚመጣልኝ። የበቅሎዋን ዋጋ አሳንሼ ይሆናል። በስንት ያዝካት?»

«በአንድ ሺህ አምስት መቶ።»

«እኔ በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ነበር የያዝኳት። እግሯን ታማ አልነበር?»

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ታውቀው ነበር ማለት ነው። በየበዓሉ ስመጣ ቡና አፍልታ፣ ልጆቼን አቅፋ ስማ፣ «ምንም አይደል» እያለች። አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፤ እሷም አልከለከለችኝም።

ስለ ጭማሪው ሸይኹ ያሉትን ስነግራት ለራሷ ምንም አልፈለገችም። «የቤቴን ልጅ አስተምርልኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፣ አባቷ ይበቃታል ማለት ጀምሯል። ከደብተሯ እስከ ልብሷ ያንተ ይሁን፤ እስከምትጨርስ» አለች። በዚህ ተስማማን፤ ባሏም ምስክር ሆኖ ተቀመጠ። ከዚያ ብሩን ከፖስታው አውጥቼ በሁለት እጄ ስዘረጋላት እጇን አላነሣችም። ወደ ቤት ዞራ ልጇን ጠራቻት።

«ነይ ቁጠሪ» አለቻት። «አጎትሽ ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ግን እንዳይሳሳት ቁጠሪው።»

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከሸራው ጫፍ ተንበረከከችና አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች።